ለነፍስ የተጫነው እህል

ተረት ተረት። እናንተ ባትመልሱም ራሴው እመልሳለሁ፣ የላም በረት። ዝም ብላችሁ ስሙኝ፣ ደሜ ፈልቶ ነው የማወራችሁ።

በድሮ ዘመን እማሆይ ጥሩወርቅ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ቤታቸው ወንዝ ዳር ነው፣ ነጋዴ በሚሻገርበት። ያን ጊዜ ንዳድ የጣለውን ሰው ጓደኞቹ መሻገሪያው ላይ ጥለውት ይሄዱ ነበር። በቅሎውን ይዘው፣ ሰውየውን ትተው። ይታያችኋል? እማሆይ ግን ያነሱትና ቤታቸው ያስገቡታል። ያጥቡታል፣ አጥሚት ያጠጡታል፣ ላቡን ይጠርጉለታል። ዘመዳቸው ነው ወይ ብትሉ፣ ስሙን እንኳ አያውቁም።

ከዚያም አንድ ክፉ ዓመት መጣና እህላቸው አለቀ። ቤቱ በታማሚ ሞልቷል። አንዱ ደርሶ የሚባል ሸማኔ ነው፣ ዝምተኛ። አንዱ ቢተው የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነው፣ ትኩሳት ላይ ሆኖም አፉ አያርፍም። ደርሶን ትኩሳቱ ለቆታል። የቀረው ምግብ ብቻ ነው። ቢበላ ይነሳል፣ በቃ።

ከላይ ደጋው ላይ ደግሞ አንድ ሀብታም ማኅበር ነበረ። ሰው ሁሉ ስለቱ ሲደርስለት እህሉን፣ ማሩን፣ በጉን ለዚያ ማኅበር ያገባል። ማኅበሩም ለችግረኛ ይሰጣል ይባላል። እማሆይም መቋሚያቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡና ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጠላ ከሚጠጣበት ቤት ደረሱ። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለቴ ነው፣ ግራዝማች ሳህሉ የሚባል ሰው ነው። ገና ሲያያቸው ብድግ አለ።

፦ እማሆይ፣ ማን ሞተ?

፦ ኧረ ማንም አልሞተ።

፦ ታዲያ ምን እግር ጣለዎት?

፦ እንዳይሞቱ ብዬ ነው የመጣሁት። የታመሙ ሰዎች አሉኝ፣ እህል አልቆብኛል።

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ።

፦ እማሆይ፣ እርስዎ መነኩሴ ሆነው ይሄን ያጡታል? ይሄ ማኅበር የሚሰጠው ለነፍስ ነው። አባቶቻችን እንዲያ ብለው ነው ያቆሙት። ሥጋማ የዘመድ ነው።

፦ ዘመድ የላቸውም።

፦ እንግዲያው የሞተ እንደሆነ ይምጡ። ያኔ አናሳፍርዎትም።

የሞተ እንደሆነ ይምጡ አላቸው። እኔ ይሄን ስሰማ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። ደግሞ በክፋት አይደለም የሚናገረው፣ በትህትና ነው። ጠላም ቀድቶላቸዋል እኮ።

እማሆይ ባዶ እጃቸውን ወረዱ። የአጥሚቱ ማሰሮ ታጠበና እጣቢው ለደርሶ ተሰጠው። ከዚያም ደርሶ ሞተ። ንዳዱን አልፎ በራብ ሞተ። መርዶውም ደጋ ደረሰ።

ሣልስቱ ሲደርስ፣ ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው፣ ዳገቱን አህያ ሞላው። ዳቦ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ማር ነው፣ ሙክት ነው። ጉድ እኮ ነው። ለዚያ አንድ ጭብጥ ላጣ ሰው። ሙሴው በእማሆይ ደጅ ዳቦውን ቆረሰና ነፍስ ይማር አለ። ሁሉም ነፍስ ይማር አለ። ከዚያም ከደጋው የመጣው ሰው በላና ጠጣና ሄደ። ትራፊው ታማሚዎቹን ትንሽ አቆያቸው፣ እሱም አለቀ።

ቢተው ከመደቡ ላይ ሆኖ ይሄን ሁሉ አይቷል። አሁን እሱም እየደከመ ነው።

፦ እማሆይ፣ ይግደሉኝ አለ።

፦ ምን አልክ አንተ?

፦ በወሬ ነው የምልዎት። ይሂዱና ቢተው ሞተ ይበሏቸው።

፦ ቆቤን ደፍቼ ልዋሽ?

፦ እንግዲያው አለቀለት ይበሏቸው። እሱ ምኑ ነው ውሸቱ? ይዩኝ እስቲ፣ አለቀልኝ እኮ።

እማሆይ ሳቁም፣ አለቀሱም። ከዚያም ዳገቱን ወጡና ቢተው አለቀለት አሉ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተነስቶ ነፍስ ይማር አለ። መቼ ያለ የለም። ምን ነክቶት ያለ የለም። ቀብሩንም አልጠየቁ፣ በሽታውን ስለሚፈሩ ለቀብር ድሮም አይወርዱም።

በሣልስቱ አህዮቹ መጡ። ሙሴው ዳቦውን ሊቆርስ ቢላውን ሲያነሳ ቢተው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ከቤት ወጣ። ግማሹ ሰው ወደ ወንዙ ሮጠ። ከማኅበሩ ጋር የወረዱት ቄስ መስቀላቸውን አወጡ። ቢተው ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከዳቦው ገመሰና አፉን ሞልቶ አኘከ።

፦ እፎይ፣ አሁን ነፍስ ዘራሁ አለ።

ሙሴው፦ አንተ፣ አልሞትክም እንዴ? አለው።

፦ ዳቦው ቀደመኝ፣ ግራዝማች።

፦ አህዮቹን ጫኑ። ይሄ የነፍስ እህል ነው።

፦ የማን ነፍስ?

፦ ያንተ ነዋ።

፦ የኔማ ይቺውና አለና ደረቱን መታ መታ አደረገ። የት ልትወስዱባት ነው?

በዚያ አገር ለነፍስ ተብሎ የወጣ እህል ወደ ጎተራ አይመለስም። ቤት ይፈታል ብለው ይፈራሉ። ሙሴው ወደ ቄሱ ዞረ።

፦ አባ፣ ምን ይሉናል?

፦ ምን እላለሁ፣ ልጄ? ነፍስ ይማር ብለን መጣን። ነፍሲቱ ቆማ እየበላች ነው።

ግራዝማች ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያም ድምፁ ሰልሎ እንዲህ አለ።

፦ እማሆይ፣ ያ ሸማኔውስ? ያን ቀን እኔ ዘንድ ሲመጡ ነፍሱ ነበረች?

፦ ነበረች አሉ እማሆይ። ስመለስም አገኘኋት። ምን ይዘው መጡ አለችኝ።

ሰውየው የሚገባበት ጠፋው። አህያ ነጂዎቹን እንኳ አልጠራም። ኩታውን አሸረጠና ስልቻውን በገዛ ትከሻው አንስቶ፣ በሽታውን እየፈራ ረግጦት ወደማያውቀው ቤት ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው። አንዲት ታማሚ ሴት ስልቻውን ስታይ ከመደቡ ላይ ቀና አለች።

፦ ጌታዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማናችን ነን የሞትነው? አለችው።

ስልቻውን አወረደና በገዛ እጁ ፈታላት።

ተረቴ ይሄው ነው። እንግዲህ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦውን ግን በቁሜ ሳለሁ አምጡት።