ዳማ እድር ፊት ሲቀርብ

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት የሚሠራው ድልነሳው በውሻው ምክንያት እድር ፊት ተከሰሰ። ከሳሹ ጎረቤቱ አቶ ኃይለልዑል ናቸው። እኚህ ሰው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሕግ ሳይጠቅሱ ውሃ የማይጠጡ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳማ የሚባለው ውሻ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። አቶ ኃይለልዑል በስተርጅና ያገኙት ልጃቸው ናትናኤል ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እየሾለከ ዳማን መነካካት ሥራው ነው፤ ዛሬ በእንጨት ይጎረጉረዋል፣ ነገ በጠጠር ይለዋል። ድልነሳው ለአባትየው ሁለት ጊዜ አቤት ቢል «ልጅ ነው» ተብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ልጁ ባዶ የወተት ጣሳ ጭራው ላይ ሊያስር ሲታገል፣ ዳማ ዞር ብሎ ሱሪውን ከነመቀመጫው ቀመሰው። ደግነቱ ቁስሉ ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም፤ የዳማ የክትባት ወረቀትም ተገኘ። አቶ ኃይለልዑል ግን ውሻው ካልተገደለ ወይ ፍንክች አሉ።

እሑድ ወርሃዊው ስብሰባ ሲያበቃ ከሳሽ ተነሡ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው የሚለውን ሕግ እስከ ነጠላ ሰረዙ በቃላቸው ወረዱት። የእድሩ ዳኛ አቶ ውብሸት፣ ልጁ ነካክቶት እንደሆነስ ብለው ቢጠይቁ፣ ከሳሹ «ልጅ እኮ ነው፤ ልጅ ምን ያውቃል?» አሉ። ድንኳኑን የሞላው ሰው ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ድልነሳው ይህን ሲያይ ዳማ የተፈረደበት መሰለው። ዳማን ገና ዐይኑን ሳይገልጥ ወተት እያጠጣ ያሳደገው እሱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህም አመሻሹ ላይ የሚያወራው ከሱው ጋር ነው። ተራው ደርሶ ሲነሣ፣ ዕድሜውን ከወፍጮ ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ነውና፣ ቀስ ብሎ ያወራ መስሎት እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

«አቶ ኃይለልዑል፣ ናቲ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ትምህርቱስ እንዴት ነው?»

አቶ ኃይለልዑል ደረታቸውን ነፉ። ሦስተኛ ክፍል መሆኑን፣ ከክፍሉም አንደኛ እንደሚወጣ ተናገሩ።

ድልነሳው ወደ ዳኛው ዞረ። «የተከበሩ ዳኛ፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ልጅ ምን ያውቃል። ግን ዳማ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የእሳቸው የዘጠኝ ዓመቱ፣ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ያላወቀውን፣ የኔው የሦስት ዓመቱ፣ ያውም የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው፣ ከየት አምጥቶ ይወቀው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ውብሸት ፊታቸውን በጋቢያቸው ከልለው ቆዩና ፈረዱ፦ ዳማ ይኑር፣ የአጥሩም ቀዳዳ ይደፈን። ማን ነው የሚደፍነው የሚል ክርክር ሊነሣ ሲል «የታላቅየው አባት» ብለው ስብሰባውን ዘጉ።