አንጓች ሸንጎ የተቀመጠች ጊዜ

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ? እራት የበላችሁ አትመስሉም። ተረት ተረት ብያለሁ!

፦ የላም በረት!

እንዲያ ነው እንጂ። ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ዓይነት ሰው ይኖር ነበር። ከላይ አራሾቹ፣ ከታች ሸክላ ሠሪዎቹ። አራሾቹ ብዙ ናቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጥቂት ናቸው። አራሾቹም ሸክላ ሠሪ መንካት እርም ነው ይሉ ነበር። የነካ ሰው እጁ ይደርቃል ይሉ ነበር። ድስታቸውን ግን ይገዛሉ! በዚያው ድስት የተሠራውን ወጥ ጣታቸውን እየላሱ ይበላሉ! ሆድ አይደርቅ፣ ምላስ አይደርቅ፣ እጅ ብቻ ይደርቃል። ወይ ጉድ! እኔ እንኳ ይኼን ባወራሁ ቁጥር ይገርመኛል።

አገሩን የሚዳኘው ሸንጎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ዱላ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ዱላውን የያዘ ይናገራል። ያልያዘ አፉን ይዘጋል። ዝም ያለም እንደተስማማ ይቆጠራል። አንድ ቀን ይመክራሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ መርቀው ያጸኑታል። ታዲያ ሲመርቁ ከተቀማጮቹ አንድ ሰው ከጎደለ ነገሩ አይጸናም። ሕጋቸው ይኼ ነበር።

አንድ ጊዜ የአገሩ ገዥ በዚያ ሲያልፍ ቆም አለና ጠየቀ፦

«ከሸክላ ሠሪዎቹ ሸንጎ የሚቀመጥ የለም እንዴ?»

፦ «የለም፣ ጌታዬ።»

፦ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው ይቀመጥ!»

ይኼን ብሎ በቅሎውን ኮርኩሮ ሄደ።

ሸክላ ሠሪዎቹ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። አንጓች የምትባል ሴት መረጡ። አንጓች ሰው አትፈራም፣ ነገርም ታውቃለች። እናቷ እማማ ጥሩወርቅ እልል አለች። ከዚያም ነጠላዋን አጥባ አለበሰቻትና ላከቻት።

አንጓች ሄደችና ከሸንጎው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ግራና ቀኝ ያሉት ሽማግሌዎች በርጩማቸውን እየጎተቱ ራቁ። እሷም አየች።

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበርና ሣር የለም። የሸንጎው ሰብሳቢ ዳኛ ቢተው ዱላውን ያዘና እንዲህ አለ፦

«ከብቶቻችን ማለቃቸው ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃ የሚቆፍሩበት ረግረግ ግን ሣሩ ለምለም ነው። እንጠረውና ለከብት ይሁን።»

አንጓች ክው አለች! ለሸክላ የሚሆን ጭቃ ከዚያ ሌላ በአገሩ የለም። ያ ከታጠረ እነሱ ምን ሊበሉ ነው?

ዱላው ከእጅ ወደ እጅ መጣ። «ይሁን» ይላል አንዱ፣ «ይሁን» ይላል ሌላው። እሷ ዘንድ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። የያዘው ሽማግሌ ግን ብድግ አለና ዱላውን በራሷ ላይ አሳልፎ ለወዲያኛው ሰጠው። አያችሁ ግፍ!

፦ «እኔስ?» አለች።

፦ «ዱላ ያልያዘ አይናገርም!» ብለው ጮኹባት።

ቤቷ ስትገባ እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት።

፦ «ምን ተባለ፣ ልጄ?»

፦ «ረግረጉን ሊያጥሩት ነው፣ እማ።»

፦ «ምን? አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ?»

፦ «እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ።»

እማማ ጥሩወርቅ ደረቷን መታች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ባትሄጂ በተሻለን ነበር! ሳትኖሪ ቢወስዱት ቀሙን እንል ነበር። አሁን ግን ሰዋችሁ ተስማምታለች ሊሉን ነው!»

አንጓች ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለምርቃት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ይኼኔ አንጓች ብድግ አለች። በርጩማዋን አነሣችና መንገድ ጀመረች።

፦ «ወዴት ነው?» አለ ዳኛ ቢተው።

፦ «ወደ ቤቴ። አልናገርም ከተባልኩ እዚህ ምን እሠራለሁ? እስቲ ያለ እኔ መርቁ!»

ሸንጎው ተናወጠ። ጎደለች! ቀረ! ፈረሰ! ያዟት እንጂ! ይላል ሁሉም። ያዟት ይላል እንጂ የሚይዝ የለም። እሷ እየራቀች ነው። ዳኛ ቢተው ደሙ ፈላ። ዱላውን እንደያዘ ዘሎ ሄደና ክንዷን ጨብጦ አቆማት።

ልጆቼ፣ ሽማግሌው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዱ አማተበ። አንዱ፦ «ኧረ በስመ አብ! ነካት!» አለ። ዳኛ ቢተውም የሠራውን ያኔ ገና አወቀው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሁሉም እጁ እስኪደርቅ ይጠብቅ ጀመር።

አንጓች ግን ቀና ብላ አየችው።

፦ «ይዘውኛል እኮ፣ ዳኛ ቢተው። በሌላው እጅዎ ዱላ ይዘዋል። እሱን ይስጡኝ።»

ሰጣት። ምን ያድርግ? ከነካት ወዲያ ምን ቀረው?

አንጓች ዱላውን ያዘችና ተናገረች፦

«እኔ አልተስማማሁም። ከብቶቻችሁ እንዲሞቱ አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ይጋጡ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ እንቆፍር። አጥር ግን አይታጠርም!»

ከዚያም ወደ ቦታዋ ተመልሳ ዱላውን ከጎኗ ላለው ሽማግሌ ዘረጋችለት። እሱም ዳኛ ቢተውን አየ። እሷን አየ። ከዚያ ተቀበላት። «ይሁን» አለ። ቀጣዩም «ይሁን» አለ። ረግረጉ ሳይታጠር ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ ዳኛ ቢተው ዋርካው ሥር ብቻውን ቀረ። መዳፉን እያገላበጠ ያያል። ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ምንም አልሆኑም። እንዲያ ያስደነገጠው ነገር በዕድሜው አልገጠመውም።

በሉ እንግዲህ፣ እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ። እናንተ ደግሞ ዳቦ ቁረሱልኝ፣ ለስለስ ካለው በኩል ይሁን፤ ጥርስ እንደሌለኝ ታውቃላችሁ።