ደረቁን ቦይ የጠረገው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ጋሽ ቢተው፣ የእማዋይሽን እጅ በሁለት መዳፋቸው መሃል እንደያዙ።

እማዋይሽ የጠየቀቻቸው ስለ ገበሬ አልነበረም። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ከአምስት ወር በፊት የሱቋ መስታወት ተሰብሮ ክንዷን ከክርኗ ዝቅ ብሎ ቆረጣት። ሐኪሞች የተቆረጠውን ነርቭ ሰፍተው ቁስሉን ዘጉት፤ ቁስሉም ዳነ። አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚ ጣቷና የመሃሉ ጣቷ ግን እስካሁን አልታጠፍ ብለዋታል። ቢቆነጥጧቸው እንኳ አይሰማትም። ጋሽ ቢተው በታከመችበት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። የሰጧት ሥራ አንድ ነው፤ በደህናው እጇ እየያዘች፣ የማይታዘዟትን ጣቶች በቀን አራት ጊዜ ማጠፍና መዘርጋት። በዚያ ቀን ሰልችቷት መጣች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሳምንቱን ሙሉ ትቼዋለሁ። እነዚህ ጣቶች ሞተዋል። የሞተ ጣት ማጠፍና መዘርጋት ምን ይፈይዳል?»

ጋሽ ቢተው አልተቆጡም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ስለ ገበሬው ቀጠሉ።

የገበሬው መሬት በአንድ ረጅም ቦይ ጭራ ላይ ነበር። ውሃው ከተራራው ሥር ይመነጭና የገደሉን አፋፍ ታክኮ ይወርዳል። ቦዩን የቆፈሩት አያቶቹ ናቸው። ግራና ቀኙን ጠፍጣፋ ድንጋይ አልብሰው በጭቃ ስለመረጉት ውሃው መንገድ ላይ አይሰርግም ነበር። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሲደርስ ቦዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ገበሬው ማሳ፣ ግራው ወደ አንድ ሀብታም ሰው ማሳ ይሄዳል። ገበሬው ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማ ነበር። ከዚያ ውሃ ሌላ ውሃ አልነበረውም።

አንድ ክረምት ተራራው ተናደ። ናዳው ቦዩን ወገቡ ላይ ቆርጦ ገደል ይዞት ገባ። ምንጩ እንደ ድሮው ይፈልቃል፤ ውሃው ግን የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ቦይ በሳምንት ውስጥ ደረቀ።

ውሃ የሚያከፋፍሉትና ቦይ የሚያስጠግኑት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። እሳቸው የመንደሩን ሰዎች ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «መልሰን እንሠራዋለን። ቦታው ግን ዐለት ነው። በቀን ከአንድ ክንድ በላይ አይገፋም። እኔ ከላይ ወደ ታች እየጠረብኩ እመጣለሁ፤ እናንተ ደግሞ በየማሳችሁ ያለውን ቦይ ጠብቁ።»

«ስንት ወር ይፈጃል?» ብለው ጠየቋቸው።

«እኔን ሳይሆን ዐለቱን ጠይቁት» አሉ።

ሀብታሙ ሰው ወደ ማሳው ተመልሶ የቦዩን ሆድ አየው። ስንት ዘመን የተኛ ደለል ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ለም። ድንጋዮቹን ነቅሎ አጥር ሠራባቸው፤ ቦዩን አርሶ ሽምብራ ዘራበት። ሽምብራው ዓይን የሚስብ ሆኖ በቀለ።

ገበሬው ግን በየማለዳው ዶማና መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ፍየል የረገጠውን ድንጋይ መልሶ ያቆማል፣ ነፋስ ያመጣውን እሾህ ይለቅማል፣ የተሰነጠቀውን ጭቃ ይመርጋል። ወደ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች ቆም እያሉ «እንዴት አደርክ? ውሃው እንዴት አደረ?» ይሉታል።

«ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል።

ሚስቱ ሁለት ወር ዝም አለች። በሦስተኛው ወር ግን አልቻለችም። «የሰው ባል ቤት ያድሳል፣ አጥር ያጥራል። የእኔው ባል እንሽላሊት የሚተኛበትን ጉድጓድ ይጠርጋል!» አለች።

«እንሽላሊትስ ንጹሕ ቤት ቢያምረው ምን አለበት?» አላት።

ሳቋ መጣ። ያን ጊዜ ሁለቱም ገና ይስቁ ነበር።

አምስተኛው ወር ሲገባ ሳቁ አለቀ። ሽንኩርቱ ከጠፋ ቆይቷል። ሚስቲቱ ከወንዝ ውሃ እየተሸከመች አቀበቱን ትወጣለች፤ የምታድነው ግን አሥር እግር ቃሪያ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ሀብታሙ ሰው ክፋት ሳይኖርበት አንድ ቁና የሽምብራ እሸት ላከላቸው። እሷም ባሏ ፊት አስቀመጠችውና ምንም ሳትናገር ወጣች።

ያ ዝምታ ከቀልዱ ሁሉ ይልቅ አመመው። ተነሳና በሬዎቹን ጠመደ። ቦዩ አጠገብ ደርሶ ማረሻውን ደለሉ ላይ አቆመ። ጅራፉን ካነሳ በኋላ ግን እጁ አየር ላይ ቀረ።

«በሬዎቹን ያዢልኝ» አላት ከወንዝ ውሃ ተሸክማ የመጣችውን ሚስቱን። «ከማረሴ በፊት የተቆረጠበትን ቦታ በዓይኔ አይቼ ልምጣ።»

የቦዩን ዳር ይዞ ሽቅብ ወጣ። ናዳው ዘንድ ሲደርስ የውሃ አባት ከሁለት ሰዎች ጋር ዐለቱ ላይ ተጣብቀው ይጠርባሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ውሃው እስካለቀው ሥራ ድረስ መጥቶ ተረከዛቸው ሥር ቆሟል።

«አባቴ፣ ስንት ቀረ?» አላቸው።

«እሱን አላውቅም። ያንን ነጭ ድንጋይ ታያለህ? ባለፈው ሳምንት ውሃው እዚያ ነበር። ዛሬ እግሬ ሥር ነው።» ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ከዚህ ዐለት ወዲያ አያቶችህ የሠሩት ቦይ አለ። እዚያ ከደረስኩ ውሃው መንገዱን ያውቀዋል። ነገር ግን እኔ እዚህ ተንጠልጥዬ የአንተን ማሳ መጥረግ አልችልም። ውሃውን ሳመጣልህ የሚገባበት ቦይ አገኛለሁ?»

ገበሬው አፈረ። ቦዩን ሊያርስ በሬ መጥመዱን አልነገራቸውም። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ሚስቱን በሬዎቹን እንደያዘች ቆማ አገኛት።

«ምን አየህ?»

«ውሃ።»

«የት?»

«የሽማግሌው እግር ሥር።»

ይህን ብሎ ቀንበሩን ፈታ፤ በሬዎቹንም ወደ ሣሩ ለቀቃቸው። ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዶማውን አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቅ ቦይ የሚጠርጉት ሁለት ሰዎች ሆኑ፤ የገበያ መንገደኞችም የሚቀልዱበት ሰው በዛላቸው።

ሌላ ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚስቲቱ ቦዩ ውስጥ ቆማ ስትጠርግ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጉንዳን በእልፍ እየሆነ፣ እንቁላሉን ተሸክሞ፣ ከላይ ወደ ታች ቦዩን ሞልቶ ይወርዳል። እግሯ ላይ ወጥቶ ነከሳት። እሷም ባቷን እየመታች ትዘላለች።

ገበሬው ሮጦ መጣ። ግን እሷን በመርዳት ፈንታ የቦዩን ላይኛውን ጫፍ አየና መሳቅ ጀመረ።

«እኔ ስነከስ አንተ ትስቃለህ?»

«ጉንዳን እኮ ቤቱን ያለ ምክንያት አይለቅም» አላት። «ከኋላው ምን እንደመጣበት አስቢ!»

ወዲያውም መጣ። የጠራ አልነበረም፣ ድምፅም አልነበረውም። የደረቀ ቅጠል፣ የፍየል በጠጥና አረፋ እየገፋ የሚሳብ ቡናማ ውሃ ነው። ትንሽ ይሄድና ጭቃውን እስኪያረጥብ ይቆማል፤ ደግሞ አንድ ክንድ ይሄድና ይቆማል። አንዲት እንቁራሪት ከፊት ከፊቱ ትዘላለች። ባልና ሚስት ሽማግሌ እንደሚሸኝ ሰው ጎን ለጎኑ እየተራመዱ ከሾላው እስከ ማሳው ሸኙት። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው መደብ ጠጣ።

በግራ በኩል የሄደውስ ውሃ? የሚገባበት ቦይ ፈልጎ አጣ። ሽምብራው ውስጥ ተበተነ፣ አውድማውን አለፈ፣ ዶሮዎቹን ከቤታቸው አስወጣቸው። ሀብታሙ ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ «አቁሙልኝ!» እያለ ሲሮጥ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። በማግስቱ ገበሬው ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ሊያግዘው ሄደ። ሀብታሙም በራሱ መሳቅ ጀመረ። ነገር ግን ቦዩ እንደ አዲስ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ከአጥሩ ተነቅሎ፣ ጭቃው ተመርጎ እስኪደርቅ ጊዜ ስለወሰደ ማሳው በወግ የጠጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ጋሽ ቢተው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱና የእማዋይሽን ክንድ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። በጣታቸው ጫፍ ጠባሳው ላይ መታ መታ አደረጉ። ምንም አልተሰማትም። ወደ እጇ አንጓ እየወረዱ መታ መታ አደረጉ። ከአንጓዋ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሲደርሱ እማዋይሽ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ወይኔ! ጠቋሚ ጣቴን ነዘረኝ! ጋሼ፣ የነኩኝ ክንዴን ነው፤ የነዘረኝ ጣቴ ነው!»

«አየሽ» አሏት እየሳቁ። «ምንጭሽ አልደረቀም። የነርቭ ሕዋስ ዋና አካሉ ጣትሽ ውስጥ አይደለም ያለው፤ እዚህ አንገትሽ ዘንድ፣ አከርካሪሽ አጠገብ ነው። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ክንድ ዘርግቶ እስከ ጣትሽ ጫፍ ይደርሳል። አንዱ ክር ‹ታጠፍ› የሚለውን ትእዛዝ ለጡንቻ ያወርዳል። ሌላው ‹ይሄ መርፌ ነው፣ ይሄ ሐር ነው› እያለ ለአንጎል ያደርሳል። መስታወቱ የቆረጠው እነዚህን ክሮች ነው። ከተቆረጠበት በታች ያለው ክር ሞቷል፤ እሱ ላይ አልተሳሳትሽም። ክሩ የለበሰው ሽፋን ግን፣ አያቶቹ እንደሠሩት ቦይ፣ ባዶውን ሆኖ ይጠብቃል። ሕዋሱም ሕያው ነውና በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አዲስ ክር እያሳደገ በዚያው ሽፋን ውስጥ ይወርዳል። አሁን መታ ሳደርገው የነዘረሽ ቦታ ድረስ ክሩ ደርሷል ማለት ነው።»

እማዋይሽ ቦታውን በግራ እጇ ጣት ያዘችው፤ እንዳይጠፋባት የፈራች ትመስላለች።

«ሐኪሞቹ ጫፉን ከጫፉ አገናኙልሽ» ብለው ቀጠሉ። «ፍጥነቱን ግን እነሱም እኔም አንጨምረውም። ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብዬም አልምልልሽም። ሲመጣም እንደ ውሃው ነው፤ መጀመሪያ ጠርቶ አይመጣም። ይነዝርሻል፣ ይወጋሻል፣ ያሳክክሻል፤ ታዲያ ያን ጊዜ ባሰብኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ። የአንቺ ፋንታ ከታች ያለው ነው። መገጣጠሚያሽ ከደረቀ፣ ጣትሽ ከተገተረ፣ ነርቩ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሚያዘው ጣት አያገኝም። የምታጥፊውና የምትዘረጊው ለዛሬው ጣት አይደለም። ገበሬው ቦዩን የጠረገው ውሃ ስላለ ነበር እንዴ? ውሃ ስለሚመጣ ነው እንጂ።»

«የተውኩትን የዚህ ሳምንቱንስ ምን ላድርገው?» አለች እማዋይሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የዚህ ሳምንቱ አለፈ» አሉ ጋሽ ቢተው። «ነይ፣ አውራ ጣትሽን ያዢውና ቀስ ብለሽ እጠፊው።»