«ዛሬስ አለ?» የሚባልበት ሽንቁር

በዋንዛ ጥላና በጅግራ አምባ መካከል በተጋደመው ጋራ ሥር አንድ ሽንቁር አለ፤ ጋራውን ከወዲህ እስከ ወዲያ በስቶ ያልፋል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሄድበታል፣ ውኃም ዓመቱን ሙሉ ይወርድበታል። ጥር ሲገባ፣ ቦዩ ሊጠረግ ውኃው ከላይ ይታገድና የሁለቱ ቀዬ ሰው ዶማና አካፋውን ይዞ በየበኩሉ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ዳሩ ግን እጁን ወደ ሥራ የሚሰድ የለም። መጀመሪያ ከዋንዛ ጥላ በኩል አንዲት ሴት አንገቷን ወደ ጨለማው ሰገግ አድርጋ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ «ዛሬስ አለ?» ብላ ትጣራለች። ድምፁ በጋራው ሆድ አልፎ እስኪወጣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ከወዲያኛው አፍ የጅግራ አምባ ሰው «አለ! የኛስ?» ብሎ ይመልሳል። «አለ!» ይላሉ እነዚህም፤ እልልታው ይቀልጣል፣ ዶማው ይነሣል። በዚያ ቀን የደረሰ እንግዳ «ኧረ ማነው ያለው?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ረዘም ስለሚል አረፍ የሚልበት ድንጋይ ይሰጠዋል።

ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት ጥንት የሆነ ያስመስሉታል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ስልክ ቀን ቀን ከፀሐይ ኃይል እየጠጣ በሚውልበት፣ ኔትወርክ የሚባለውም ከጋራው ራስ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ በቀር በማይገኝበት ዘመን ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን በዋንዛ ጥላ ጦይባ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይልቅ ይቆርጣል ይባልላታል። እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ ይመር ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከቤት ቀርተው ነበር። እኒህ እናት አንድ ነገር ብቻ ያወሩ ነበር፤ «ሽንቁሩን የበሳው አባቴ ይመር ጓንጉል ነው። ያን ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ጨለማ፣ ብቻውን!» ይሉና ይተክዛሉ። የሚያምናቸው ያምናል፤ የማያምነው ደግሞ «አዎ፣ የዘሀራ አባት ጋራ በሳ፣ የኔ አባት ደግሞ ሰማይ ሰፋ» እያለ ይስቃል። ጦይባ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጦይባ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ፣ ማንም ሰው በፈቃዱ ገብቶ በሚጽፍበት በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ የቀዬዋን ስም አገኘች። ልቧ ዘለለ። ከፍታ ብታየው ግን ጽሑፉ እንዲህ ብቻ ይላል፦ «ዋንዛ ጥላ በጋራ ሥር ያለች ቀዬ ናት። ማሽላ ይበቅልባታል።»

«በቃ? ማሽላ ብቻ?» አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ባይኖርም። ቁልቁለቱን እየሮጠች ወርዳ ለአባ ሙሔ ነገረቻቸው። አባ ሙሔ አበጋር ናቸው፤ ማለትም ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚፈራው ሽማግሌ። ነገሩን አዳመጡና ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «ዓለም ሁሉ የሚያነበው ነው? እንግዲያስ በደቦ ነዋ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ።

የዚያን ሰሞን የነበረው ሆይ ሆይታ ዛሬም ይወራል። ቀዬው ነቅሎ ጋራ ወጣ። ጦይባ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ሌላው ከብቧት ያቀብላታል። አንዱ የገበያውን ቀን፣ አንዷ የቡቃያውን ዓይነት፣ አንዱ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን መቆም ይናገራል፤ ስልክ ያለው ፎቶ አንስቶ ይመጣል። ጣቷ ሲደክም ዘፈን ያወጡላታል፣ ልክ እንደ አጨዳ። ታዲያ ደቦ ካለ ጉራም አለ። «የዋንዛው ጥላ ሺህ ፈረሰኛ ያሳርፋል በይ!» ይላል አንዱ። «ስንቱን አይተህ ቆጠርክ?» ይሉታል። «ባላይስ? ፈረሱ ነው የጠፋው እንጂ ጥላው መች አነሰ!» ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። በመጨረሻ ጦይባ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ «ሽንቁሩን የበሳው ይመር ጓንጉል ነው» ብላ ጻፈች። ስታየው እንባዋ መጣ።

ወርዳ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዘሀራ መሬት ሳሙ። «አባቴ ተጻፈ? ዓለም ሁሉ ያየዋል? አልሐምዱሊላህ! አሁን ብሞትም አይቆጨኝ» አሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን ልባቸው አላረፈም፤ ልጃቸውን ቀስቅሰው፣ «ጦይብዬ፣ እስቲ ውጪና እዪልኝ። ዛሬስ አለ?» አሏት፤ ስለ ሕያው ሰው እንደሚጠየቅ።

ጦይባ ጋራውን ወጣች፣ ስልኳን ከፈተች፣ ደንግጣም ቀረች። ያ ሁሉ የፈረሰኛ ጉራ «ማስረጃ የለውም» ተብሎ ተሰርዟል፤ እሱስ ይሁን። ይመር ጓንጉልም የለም። በቦታው «ሽንቁሩን የበሳው የጅግራ አምባው ቢያድግልኝ ነው» የሚል ተተክቷል። «የጅግራ ልጅ» የሚል ስም የያዘ ሰው ነው የጻፈው። ጅግራ አምባና ዋንዛ ጥላ ደግሞ በግጦሽ ከተጣሉ ወዲህ ስንት ዘመን፣ ከለቅሶ በቀር አይገናኙም።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ ቢያድግልኝን ሰርዛ አያቷን መለሰች። በማግስቱ አያቷ የለም፣ ቢያድግልኝ አለ። ሰረዘች። ተሰረዘባት። በየጠዋቱ እናቷ «ዛሬስ አለ?» ይላሉ፤ እሷም ጋራ ወጥታ፣ ጽፋ፣ ወርዳ «አለ፣ እማ» ትላለች። መዋሸቷ አልነበረም፤ በተናገረችበት ሰዓት አለ። ከሰዓት በኋላ ግን መኖሩን አላህ ነው የሚያውቀው። እናቷ እያደር መድከማቸው ያስጨንቃት ጀመር፤ አንድ ቀን ስሙ ተሰርዞ ሳለ ያልፉ ይሆናል እያለች እንቅልፍ አጣች።

ነገሩ አባ ሙሔ ጆሮ ገባ። አባ ሙሔ ደግሞ ጠብ ሲሰሙ የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው። «ይጠራ!» አሉ። «ጻፊበት። የጅግራ ልጅ ሆይ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዋንዛው ሥር ቅረብ፣ ዋስህን ጥራ፣ እምቢ ካልክ የአበጋር እርግማን ይድረስህ በይ።» ጦይባ ከጽሑፉ ጀርባ ባለው የመነጋገሪያ ገጽ ላይ እንዳለ ጻፈችው። ይህን ቀድሞ ያየው ግን የጅግራ ልጅ ሳይሆን፣ ከየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ፣ መዝገቡን በፈቃዱ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር አሉ። እሱም አብሮ የተጠራ መስሎት ክው ብሎ መለሰ፦ «ይቅርታ፣ በጣም ሩቅ ነው የምኖረው፤ ማክሰኞ መምጣት አልችልም፤ ዋስም የለኝም። ነገር ግን ሁለታችሁም መሰራረዙን ተዉ። ገጹን ቆልፌዋለሁ። ሽንቁሩን የሚያሳይ ፎቶ ያመጣ ሰው ይሰማል።»

አባ ሙሔ ይህ ሲነበብላቸው በሳቅ ፈነዱ። «እግዜር ያሳይህ፣ የባሕር ማዶ ሰው አበጋር ይፈራል!» አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ግን እውነቱን ነው። እኛ ስንምል ኖርን እንጂ ገብቶ ያየ ማን አለ?» አሉ።

እውነትም ማንም አልነበረም። ቦዩ ሲጠረግ እያንዳንዱ ቀዬ ከራሱ አፍ ጥቂት ገባ ብሎ ደለሉን ዝቆ ይወጣል እንጂ፣ ከጋራው ሆድ መሐል የሚደርስ አልነበረም፤ ውስጡ ጂን አለበት ይባል ነበር። ጦይባ ግን ቆረጠች። ጥር ገብቶ ቦዩ በሚጠረግበት ቀን፣ ውኃው ታግዶ ሳለ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ገባች። የቀዬዋ ሰው አፉ ላይ ተኮልኩሎ፣ አባ ሙሔ ዱዓ እያደረጉ ቀሩ።

ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ሄደች። ድንጋዩ ላይ የመሮ ጭረት አለ፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ያዘነበለ። «አያቴ፣ ይኸው እጅህ» አለችው። ፎቶ አነሣች። ስትገፋ ስትገፋ ፊት ለፊቷ ብርሃን ታየ። የወዲያኛው አፍ መስሏት ደስ አላት። ብርሃኑ ግን ተንቀሳቀሰ።

«ቢስሚላህ!» ብላ ጮኸች።

«በስመ አብ!» ብሎ ብርሃኑም ጮኸ።

ሁለቱም ከግድግዳው ተለጠፉ። ኋላ ብርሃኑ ጢም ያለው ጎልማሳ ሆነ። «ሰው ነሽ?» አለ።

«ጂን ቀሚስ ይለብሳል እንዴ? አንተስ ማነህ?»

«ማንደፍሮ ነኝ፣ የጅግራ አምባ። ንብ አናቢ ነኝ። ፎቶ ላነሣ …» ብሎ ቆም አለ። ስልኳን አየ። «አንቺ ነሻ! አያቴን የምትሰርዢው!»

«የምትሰርዘኝ አንተ ነህ! ሌባ! እናቴን ልትገድልብኝ!»

ጋራው እስኪያስተጋባ ተጯጯሁ። በሁለቱም አፍ ያለው ሰው ጩኸቱን ሲሰማ፣ ጂኑ ተነሣ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ ይባላል፤ አባ ሙሔ ብቻ አልተነቃነቁም አሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ማንደፍሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትሽን ምን አደረግኋቸው?» ብሎ ጠየቃት። ጦይባ ነገረችው፤ በየጠዋቱ «ዛሬስ አለ?» እንደሚሏት፣ ጋራ እንደምትወጣ፣ እንደምትፈራ። ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም በየማታው አይ ነበር፤ አያቴ ተሰርዞ ባደረ ቀን እህል አይወርድልኝም» አላት። «እስቲ ማስረጃሽን አሳዪኝ።»

«ይኸው ግድግዳው! የመሮው ጭረት ከኛ አፍ ወደ …» ብላ እጇን ስታንሸራትት ቆመች። ከቆሙበት ጀምሮ ጭረቱ ዞሯል። በሷ በኩል ያለው ወደሱ ያዘነብላል፤ በሱ በኩል ያለው ወደሷ። መሐል ላይ ደግሞ ሽንቁሩ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የወዲያኛው ከወዲህኛው ክንድ ያህል ስቶ መጥቶ፣ ሁለቱም ጠመም ጠመም ብለው ነው የተገጣጠሙት።

ማንደፍሮ መብራቱን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየ። «ተሳስተው ነበር» አለ። «ሊተላለፉ ነበር።»

«የመዶሻ ድምፅ ሰምተው ነው የታጠፉት» አለች ጦይባ። «በድምፅ ተፈላልገው!»

ያኔ ነው አሉ፣ በየቤታቸው የሰሙትን ሲያገጣጥሙ፣ ነገሩ የበራላቸው። በጅግራ አምባ በኩል ውኃ ተኝቶ እርሻውን ያበሰብሰው ነበር፤ በዋንዛ ጥላ በኩል ደግሞ ማሽላው በጥም ይረግፍ ነበር። አንዱ ውኃ ሊሸኝ፣ አንዱ ውኃ ሊቀበል፣ ሁለቱ ሰዎች ተማክረው ጋራውን ከሁለት ወገን ያዙት። ኋላ ግጦሹ ሲያጣላ፣ ጅግራ አምባም ዋንዛ ጥላም የራሱን ሰው ብቻ እያወራ ልጅ አሳደገ። ጦይባና ማንደፍሮ ከዚያ ጠመዝማዛ ላይ እየተሳሳቁ፣ እየተላቀሱ ፎቶውን አነሡ፤ አንዱ ሲያበራ ሌላው እያነሣ።

ጽሑፉን የጨረሱት በዚያው ሳምንት ከድንጋዩ ላይ ነው፤ የሁለቱ ቀዬ ሰው ጋራውን ሞልቶት ነበር። ሩቅ ያለው ጠባቂ ፎቶውን አይቶ ገጹን ከፈተላቸው፤ ስሞቹ ላይ ግን «እንደሚነገረው» የምትል ቃል ይግባ አለ፣ መሮው ስም አልጻፈምና። ወጣቶቹ አጉረመረሙ። አባ ሙሔ ግን «ተዉት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያላየነውን 'ይባላል' ማለት የሽማግሌ ወግ ነው፤ ይህ ሰው የኛ ሳይሆን አይቀርም» ብለው መረቁት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው፣ «ጦይብዬ፣ ዛሬስ አለ?» አሉ። ጦይባ ጋራውን ወጥታ፣ አይታ፣ እየሮጠች ወረደች።

«አለ፣ እማ። ግን ብቻውን አይደለም። ከወዲያ በኩል ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበር። መዶሻ እየተሰማሙ ነው የተገናኙት።»

ወይዘሮ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ጋራው መለሱ። ጦይባ የተቀየሙ መስሏት ደነገጠች። እናቷ ግን ፊታቸው እያበራ መጣ፤ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳበሱ። «እሰይ!» አሉ። «እሰይ፣ ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ጨለማ ብቻውን ነበር እያልኩ አለቀስኩ። የሚሰማው ነበረዋ!»

ወይዘሮ ዘሀራ ካለፉ ቆይተዋል። ጽሑፉ ዛሬ ረዝሟል፤ ከሁለቱ ቀዬ አንዱ ሲጨምርበት ከሌላው ቀዬ አንድ ሰው አስጠርቶ፣ አስነብቦ ነው ይባላል። ኔትወርኩም አሁን ከየቤቱ አለ፤ ስሞቹ እንዳሉ ለማየት ጋራ መውጣት አያስፈልግም። ጥር ሲገባ ግን ውኃው ይታገዳል፣ ሰውም በሁለቱ አፍ ይሰበሰባል፣ የወይዘሮ ዘሀራ ጥያቄም ወደ ጨለማው ይላካል። «አለ! የኛስ?» የሚለው ድምፅ ከጋራው ሆድ ሲመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁሉ ሁለት ሰዎች ከውስጥ የሚመልሱለት ይመስለዋል አሉ።