የስጋት አበል

ተረት ተረት ብዬ የተከበረ ጊዜያችሁን ስለምሻማ አስቀድሜ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉንዳን ከዘመዶቿ ጋር የክረምት ቀለቧን ወንዝ ዳር ባለ ጎተራ አከማችታ፣ ዝንጀሮን ሥራ አስኪያጅ አድርጋ ሾመችው። ዝናቡ ጠባዩን ከቀየረ ወዲህ ግን ወንዙ በየዓመቱ ወደ ጎተራው ይጠጋ ጀመር። ጉንዳን ጨነቃት።

"ጋሼ ዝንጀሮ፣ ጎተራውን ወደ ኮረብታው ብናወጣውስ?"

"እውነትሽን ነው እቴ፣ ስጋቱ ከባድ ነው። እዚህ ስጋት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አበል ይገባዋል።"

ከዚያ በኋላ ውሃው አንድ ስንዝር በተጠጋ ቁጥር ከጎተራው አንድ ቁና እህል ይሰፈርለት ነበር።

በመጨረሻ ጎርፉ ጎተራውን ጠራርጎ ወሰደው። ጉንዳን እያለቀሰች ብትደርስ፣ ዝንጀሮ ኮረብታው ላይ ሆዱን እያሻሸ ተቀምጧል።

"አይዞሽ፣ ጎርፉ አንዲት ፍሬ አላገኘም፤ ቀድሜ ባዶ አድርጌዋለሁ። ለዚህስ ጉርሻ አይገባኝም?"

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙ፤ ዝንጀሮ ከሰማ የሐሜት ስጋት አበል ይጠይቃል።