አልወርድ ያለ መስታወት

ይህን የነገረችኝ ታንጉት ናት፤ ጋራዡ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው። በዓይኗ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ታንጉት ሳምቡሳው ቢያርርባትም የሰው ጉዳይ አያመልጣትም። እኔም ሰምቼ በሆዴ ይዤው ነበር፤ ጎረቤቴ ደርቤ ያን ለት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ያን ጥያቄ ባይጠይቀኝ ኖሮ አላወጣውም ነበር።

ሚስቱ ስንዱ ሆስፒታል ከተኛች አራተኛ ቀኗ ነበር። ቦኖው ጋ ጄሪካን ስታነሳ ደም አስመለሳትና ወደቀች። ጨጓራዋ ቆስሎ ሲደማ ነው የከረመው፣ አምስት ወር ያለፈው ሕመም ነው አሉ ሐኪሞቹ። ደርቤ የምሳ ሳህኗን በፌስታል ይዞ ከዚያ ሲመለስ ነው ያገኘኝ።

«እትዬ ሙላቷ» አለኝ፣ «አምስት ወር ሙሉ ስትታመም ለምን አልነገረችኝም? ምን አድርጌያት ነው? እጄን አንስቼባት አላውቅ!»

ደሜ ፈላ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሚስቱ ሆስፒታል በተኛችበት ሰው ላይ መጮህ ደግሞ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። «ግባና ቁጭ በል» አልኩት። «እኔ ቤት ሬዲዮ የለም፤ እኔን ነው የምትሰማው።» ተቀመጠ። ነገርኩት።

አንድ ሰው ነበረ። ከቆላ ወደ ከተማ ሽንኩርት የሚያመላልስበት አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። ሽንኩርቱን የምትመርጠውም የምታስጭነውም ሚስቱ ስለነበረች ጋቢና ከጎኑ ትቀመጣለች። በእሷ በኩል ያለው መስታወት ፒስታው መንገድ ላይ ሲወጡ ይንኳኳል። ኳ ኳ ኳ፣ እስከ ከተማ። መካኒኩ አንድ ቀን መስታወቱን በጣቱ ነቅነቅ አድርጎ፣ «ጌታው፣ የሚቀመጥበት ጎማ አልቋል። የሚንኳኳው ለዚያ ነው። ጎማውን እንቀይረው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለው። ሰውየው፣ «ጎማ ምን ያደርግልኛል? እኔ ዝም እንዲል ነው የምፈልገው» አለ። ባዶ የሲጋራ ፓኮ አጥፎ በመስታወቱና በበሩ መካከል ወሸቀበት። መስታወቱ ዝም አለ።

«ብልህ ነው» አለ ደርቤ።

«ቆይ እስቲ» አልኩት።

በሳምንቱ ፓኮው ወደ በሩ ሆድ ሰመጠና መስታወቱ እንደገና ይንኳኳ ጀመር። ሌላ ወሸቀ፤ እሱም ሰመጠ። ካርቶን በለው፣ የክብሪት ቀፎ በለው፣ ያልወጣለት ሎተሪ በለው፣ እጁ የገባውን ሁሉ ሁለት ዓመት ሲጎሰጉስ ኖረ። ኋላ መስታወቱ አልወርድም አለ። ሚስትየዋ ሙቀቱ ሲያፍናት እጀታውን ታዞራለች፤ ትንሽ ይሄድና ይይዝባታል። ሰውየው ታዲያ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ገደልሽው! የጉድጓድ ገመድ መሰለሽ እንዴ? አንቺ የነካሽው ነገር መቼ ይበረክታል!» በየሻይ ቤቱም «ሚስቴ መስኮቴን ሰበረችው» እያለ ያወራባታል። በመጨረሻ የእሱ በኩል እጀታ ሲሰበርበት የእሷን ነቀለና ለራሱ አደረገው። «ከእንግዲህ አትነኪውም» አላት። ሲነዳ ይሰካዋል፣ ሲወርድ ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል።

የዚያ መኪና በሮች ደግሞ ከውስጥ አይከፈቱም፤ መክፈቻቸው ከሞተ ቆይቷል። መውረድ የፈለገ መስታወት ያወርዳል፣ ክንዱን ያወጣል፣ ከውጭ ይከፍታል። እሷ ምኑን ታወርደዋለች? ስለዚህ እሱ ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ እስኪከፍትላት ቁጭ ትላለች። ሰዉ ይህን እያየ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? «ሚስት ማክበር እንደሱ ነው! በር ከፍቶ ነው የሚያወርዳት!» ታንጉት ራሷ ትል ነበር፤ አሁን ሲነሳባት ታፍራለች።

አንድ ቀን በግንቦት፣ ፀሐዩ ሰው በሚያነድበት ሰዓት፣ ሰውየው ጋራዡ ፊት ለፊት አቆመና «ሩብ ሰዓት ብቻ። ሽንኩርቱን እየጠበቅሽ» ብሏት ወረደ። የራሱን መስታወት ወደ ላይ አዙሮ ዘጋ፣ እጀታውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ በሩን በቁልፍ ቆለፈ። ራመድ እንዳለ ካርታ የሚጫወቱ ወዳጆቹን አገኘ። ተቀመጠ። ሩብ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ።

ሴትየዋ በመጀመሪያ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብ ነበር። ኋላ መስታወቱን መታች። ገበያው ይንጫጫል፣ ጋራዡ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማን ይስማት? ታንጉት ዘይት ልትጨምር ቀና ስትል መዳፍ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አየች፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲንሸራተት። ጮኸች። መካኒኩ ሮጦ ወጥቶ በሩን ቢስበው ተቆልፏል። «ፊትዎን ያዙሩ!» ብሎ መስታወቱን በመዶሻ አደቀቀው። በመስኮቱ ነው ጎትተው ያወጧት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሁለት ባልዲ ውኃ ደፉባት፣ ከዚያ ነው ዓይኗን የገለጠችው።

ባል ተብዬው ይኼኔ መጣ። መጀመሪያ ያየው ማንን ይመስልሃል? መስታወቱን!

«መስታወቴን ማነው የሰበረው?» አለ።

«ሰው ነበር ውስጡ፣ ጌታው» አለ መካኒኩ።

«ድሮም ያበላሸችው እሷ ናት! ጎትታ ጎትታ ነው ለዚህ ያበቃችው!»

መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ መጣና የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታ። ስብርባሪውን ሊጠርግ እጁን ሲከት ፓኮ ይዞ ወጣ። እንደገና ከተተ፤ ሌላ ፓኮ። ካርቶን። ቀፎ። ሎተሪ። እያወጣ ሴትየዋ የተቀመጠችበት የጋራዡ ደረጃ ሥር ደረደረው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ እንዴ?» አላት። የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ብቻ አልሳቀም።

ከሁሉም ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ወጣ፤ ዳር ዳሩ ወርቅማ ነው። የሠርግ መጥሪያ። ሴትየዋ እጇን ዘረጋች፣ ተቀበለች፣ ገለጠችው። የእህቷ ሠርግ ነበር። «የእናቴ ልጅ በካርድ እንኳ አልጠራችኝም» ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፈቻት፣ ስትወልድ እንኳ ያልጠየቀቻት እህቷ። ካርዱ መጥቶላት ኖሯል። ባሏ ተቀብሎታል፣ መስታወቱ ሲንኳኳበት አጥፎ ወሽቆታል።

«ረስቼው ነው እኮ» አለ። እሱን ነው ያላት። ረስቼው ነው።

እዚህ ላይ አቆምኩ። ደርቤ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ፒክአፕ የለኝ፣ እትዬ ሙላቷ» አለኝ።

«ግድግዳ ግን አለህ፤ የእኔም ግድግዳ ነው!» አልኩት። ከዚህ በላይ መዋጥ አልቻልኩም። «ሰማሁ ብዬ አላፍርም፣ ያልሰማኸው አንተ እፈር። ሁዳዴ ሲገባ ‹ደርቤ፣ ሆዴን ያቃጥለኛል› አለችህ፤ ኳስ ነበርና ሬዲዮውን ከፍ አደረግህባት። የፋሲካ ማግስት ‹የበላሁት አይረጋልኝም› አለችህ፤ ‹ደግሞ ጀመረሽ?› አልካት። ሦስተኛ ጊዜ ‹ደርቤ› ብላ ስትጀምር ‹ምነው ትንሽ ዝም ብትዪ› አልክ፤ ያን ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ያ ሁሉ ፓኮ ነው፣ ደርቤ! መስታወቱ ጎማው አልቆ ነበር የሚንኳኳው፤ እሷም ሆዷ አልቆ ነበር የምትናገረው። ዝም እንድትል ፈለግህ፣ ዝም አለች። አሁን መጥተህ ለምን አልተከፈተችልኝም ትለኛለህ? በሩ ውስጥ ያለውን የጎሰጎስከው አንተ ነህ፤ እሷን አትጠይቃት፣ እኔንም አትጠይቀኝ። ረስቼው ነው እንዳትላትም!»

ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ሴትየዋስ?» አለኝ።

ሴትየዋ ነጠላዋ ሳይደርቅ ካርዱን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ እስከ ዛሬ እህቷ ዘንድ ናት። ሰውየው በተሰበረው መስኮት ላይ ላስቲክ ወጥሮ ይነዳል፤ ንፋስ ሲመጣ ይንጣጣል ትላለች ታንጉት። መካኒኩ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው።

ደርቤ ሳህኑን እኔ ቤት ጥሎ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ። ስንዱ በአሥራ አንደኛው ቀኗ ወጣች። ሬዲዮው እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ያመጣው እሱ ነው፣ እኔ አልከፈትኩትም። ከሰዓት በኋላ ስንዱ ስታወራ በግድግዳው ይሰማኛል።