የፊታውራሪ ጓንጉል አዳዲስ በዓላትና የአያ ደርብ በግ

የቀደሙት ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ፊታውራሪ ጓንጉል በዓል አይጠግቡም ነበር። በግዛታቸው ልማድ በዓል በመጣ ቁጥር ባላገሩ መተያያ ይዞ ይገባላቸዋል፤ መተያያ ማለት ደግሞ በግ ነው። ታዲያ ፈረንጅ አገር ከርሞ የተመለሰ ወንድማቸው «እዚያኮ ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው በዓል ሞልቷል፤ የሠራተኛ ቀን አለ፣ የልደት ቀን አለ፣ የውሸት ቀን እንኳ አለ» ቢላቸው፣ ሁሉንም እንዳለ ተቀበሉት። አገሩን ጭንቅ ያዘው። ጨዋታ አዋቂው አያ ደርብማ ያለችው አንዲት በግ ብቻ ናት።

መጀመሪያ የመጣው የሠራተኛ ቀን ነው። ባላገሩ በጠዋት ለፊታውራሪ አጨዳ ተጠራ፤ እሳቸው ግን በዓሉን ሊያከብሩ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። አያ ደርብ ማጭዱን እንደያዘ ገብቶ እጅ ነሣ። «ምነው፣ በደህና?» አሉት።

«ዛሬ የሚያርፍ ሠራተኛ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ጌታዬ ሥራ የጀመሩት መቼ ነው ብዬ ልጠይቅ ነው።»

ፊታውራሪ ሳቁ። በጓን ግን አልማሩትም፤ «ለልደቴ ታመጣታለህ» አሉት።

የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ በግ የሚሰባበትን ወር መረጡ። አያ ደርብ በጓን እየጎተተ መጣና ፊታውራሪን አልፎ፣ እናታቸው እሜቴ የውብዳር እግር ሥር አቆማት። «አንተ ሰው፣ የተወለድኩት እኮ እኔ ነኝ!» ብለው ፊታውራሪ ጮኹ።

«ያማጡት እሳቸው ናቸው፤ ጌታዬማ ማልቀስ ብቻ ነበር ሥራዎ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁና «መርቄ መልሼልሃለሁ፣ በል ይዘሃት ግባ» አሉት።

ፊታውራሪ ይህን ቋጥረው የውሸት ቀንን ጠበቁ። ቀኑ ሲደርስ አዳራሹ ሞላ፤ በጓም ደጅ ታሰረች። «ደርብ፣ ዛሬ ፊቴ ቆመህ አንድ ውሸት ከተናገርክ በጓ ያንተ ናት፤ ካቃተህ ግን ጋጣዬ ትገባለች» አሉት። ከሱ በፊት ባለሟሎቹ በየተራ እየተነሡ «ጀግናው ጌታችን! ለጋሱ ጌታችን! የድሃ አባት!» ሲሉ አወደሷቸው። የአያ ደርብ ተራ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ለኔ ምን ቀረልኝ? እነዚህ ጨርሰውት!»

ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ፤ «እንግዲያስ አልዋሸህም! በጓን ጋጣ አስገቧት!» ብለው አዘዙ። አሽከሩ ገመዱን ሲፈታ አያ ደርብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፦

«ቆይ፣ አሁን ልዋሽ፤ ጌታዬ የድሃ በግ አይወስዱም!»